ለፊልም ማጀቢያ የሚሆን የሳይኬዴሊክ ሮክ የመሣሪያ ሙዚቃ አሠራር፦ ከልኬት እስከ ርክክብ

የእንግሊዙ ፒንክ ፍሎይድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1969 መጀመሪያ ላይ «ሞር» ለተሰኘው የዳይሬክተር ባርቤ ሽሮደር የመጀመሪያ ፊልም ሙዚቃ እንዲሠራ ሲጠየቅ፣ ምስልንና ድምፅን ፍሬም በፍሬም (በእያንዳንዱ የፊልሙ ነጠላ ምስል) እየቆጠረ የሚያገናኝ ስቱዲዮ ለመከራየት የሚበቃ ገንዘብ አልነበረም። በዚህ ምክንያት የቡድኑ አባላት በፊልም ማሳያ ክፍል ተቀምጠው የእያንዳንዱን ትዕይንት ርዝመት በስቶፕዋች ለኩ፤ ከዚያም ለንደን ውስጥ ወደነበረው ፓይ ስቱዲዮ ገብተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀረጻውን አጠናቀቁ። ከዚያ ሥራ የተገኙት «ሜይን ቲም» እና «ኩዊክሲልቨር» የተባሉት የመሣሪያ ሙዚቃዎች ሲሰሙ ወሰን የሌላቸውና በፈለጉበት የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ሁለተኛው ያለ አንዳች የዘፈን ቃል ከ7 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ይሁን እንጂ ሙዚቀኞቹ ወደ ስቱዲዮ የገቡት በሰከንድ የተጻፈ ዝርዝር ይዘው ነበር።

ይህ መመሪያ ያንን አሠራር ዛሬ በኮምፒውተርና በጥቂት መሣሪያዎች ለመከተል ለሚፈልጉ ሙዚቀኞች የተዘጋጀ ነው። መመሪያው የሚቆምበት ሐሳብም በሳይኬዴሊክ ሮክ፣ ማለትም በማሚቶና ቀስ ብሎ በሚለወጥ ድምፅ ሕልም መሰል ስሜት በሚፈጥረው የሮክ ዓይነት ውስጥ ነፃነት የሚገኘው ጊዜው አስቀድሞ በጥብቅ ሲለካ ነው የሚል ነው። ለሥራው የሚያስፈልጉት ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ኦርጋን ወይም ሲንተሳይዘር፣ ድራም፣ ቢያንስ ሁለት ማይክሮፎን፣ የድምፅ ካርድ፣ ቪዲዮ መክፈት የሚችል የቀረጻ ፕሮግራምና አንድ የዲሌይ ፔዳል (ድምፅን እንደ ማሚቶ የሚደጋግም መሣሪያ) ናቸው። ፔዳሉ ከሌለ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ዲሌይ ይበቃል።

1. ሙዚቃው ከየት እንደሚመጣ ከዳይሬክተሩ ጋር ይስማሙ

አንድም ኖታ ከመጫወትዎ በፊት ዳይሬክተሩን የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ሙዚቃው በፊልሙ ዓለም ውስጥ ላሉት ሰዎች ይሰማል ወይስ ለተመልካቹ ብቻ ነው የሚል ይሁን። ሽሮደር በ«ሞር» ላይ የተለመደውን ከድርጊቱ ጀርባ የሚያጅብ ሙዚቃ አልፈለገም፤ ሙዚቃው በትዕይንቱ ውስጥ ካለ ሬዲዮ ወይም ከመሰል ምንጭ እንዲወጣ ነበር ፍላጎቱ። ይህ ውሳኔ የቀረጻውን አካሄድ በሙሉ ይለውጠዋል። ከትንሽ ሬዲዮ የሚወጣ ሙዚቃ ጥልቅ የቤዝ ድምፅ አይኖረውም፣ ከትዕይንቱ መጀመሪያ ጋር አብሮ መጀመርም የለበትም፤ መሃሉ ላይ ተከፍቶ መሃሉ ላይ ሊዘጋ ይችላል። ለተመልካች ብቻ የሚሰማው ግን መግቢያውም መውጫውም ከምስሉ ጋር መታሰር አለበት።

ለአገራችን አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልም የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የሚሰማው ዋናው ገጸ ባሕርይ ከጎረቤቱ በተሰጠው ሲዲ አማካይነት፣ መኪና እየነዳ ነው። ዘውጉ ኢትዮ ጃዝ እንጂ ሮክ ባይሆንም፣ የመሣሪያ ሙዚቃ በፊልም ውስጥ ምንጩ ታውቆ ሲሰማ ምን ያህል የገጸ ባሕርዩ የራሱ ጓደኛ እንደሚሆን ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርግ ሥራ አላውቅም።

በዚሁ ስብሰባ ላይ ትዕይንቱ ውስጥ ንግግር መኖሩን፣ የነፋስ፣ የሞተር ወይም የውኃ ድምፅ መኖሩንና ኤዲተሩ ቆረጣውን መጨረሱን ያረጋግጡ። ኤዲቱ ያላለቀ ትዕይንት ላይ በፍሬም ደረጃ መለካት ድካም ብቻ ነው።

2. ትዕይንቱን ይለኩና የጊዜ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ

ትዕይንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንም ማስታወሻ ይመልከቱት። በሁለተኛው ዙር ስቶፕዋች ወይም በፕሮግራሙ ላይ ያለውን የጊዜ ቆጣሪ ተጠቅመው ስሜቱ የሚለወጥባቸውን ቅጽበቶች ብቻ ይጻፉ። በዚህ ላይ ቁጥብ መሆን ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱን የካሜራ ለውጥ የሚመዘግብ ሠንጠረዥ ሙዚቃውን እንደ ካርቱን ፊልም ማጀቢያ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ተከታይ ያደርገዋል። ሳይኬዴሊክ ሙዚቃ ደግሞ ጉልበቱ ቀስ ብሎ ከመለወጥ የሚመነጭ ነው። በሦስት ደቂቃ ትዕይንት ውስጥ ከመነሻውና ከመድረሻው ሌላ ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ነጥብ አያስፈልግም።

ለማስረዳት ያህል 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ማለትም 200 ሰከንድ የሚፈጅ ትዕይንት እንውሰድ። አንዲት ሴት በር ከፍታ ትወጣለች፤ በ0፡40 ከመጨረሻዎቹ ቤቶች አልፋ ደረቁ ሜዳ ላይ ትደርሳለች፤ በ1፡50 ከሩቅ ሐይቅ ታያለች፤ በ2፡45 አንድ ዐረፍተ ነገር ትናገራለች፤ በ3፡20 ምስሉ ይቆረጣል። ሠንጠረዡ እነዚህን አምስት መስመሮች ብቻ ይይዛል፤ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብም ሙዚቃው ምን እንደሚያደርግ ሳይሆን ተመልካቹ በዚያ ቅጽበት ምን ሊሰማው እንደሚገባ በአጭሩ ይጻፋል። ሙዚቀኛው ስሜቱን ካወቀ የድምፁን ምርጫ ራሱ ይደርስበታል።

ሌላ መንገድም አለ። የጀርመኑ ካን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1970 «ሳውንድትራክስ» በተባለ አልበም ለሰበሰባቸው የፊልም ሥራዎች ፊልሙን የሚያየው ኪቦርድ ተጫዋቹ ኢርሚን ሽሚት ብቻ ነበር፤ እርሱ ታሪኩን ለጓደኞቹ ይተርካል፣ እነርሱም ምስሉን ሳያዩ ከትረካው ተነስተው ይጫወታሉ። ይህ ዘዴ ሙዚቀኞቹ ምስሉን እየተከተሉ እንዳይደነቃቀፉ ይረዳል። ሆኖም ቢያንስ አንድ ሰው ሠንጠረዡን በጁ ይዞ መምራት እንዳለበት መዘንጋት አይገባም።

3. ቴምፖውን ከፊልሙ ፍጥነት ጋር ያስማሙ

የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዳል። በደቂቃ 72 ምት ያለው ቴምፖ ቢመርጡ አንዱ ምት 0.833 ሰከንድ፣ ማለትም በትክክል 20 ፍሬም ይሆናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምት ፍሬም ላይ ያርፋል። ምስሉ በሰከንድ 25 ፍሬም የሚሄድ ቪዲዮ ከሆነ ተመሳሳዩን ውጤት የሚሰጠው 75 ምት ነው። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የተረከቡት ቪዲዮ በየትኛው ፍጥነት እንደሆነ ኤዲተሩን ይጠይቁ፤ በፕሮግራሙ ላይ ያለው ቅንብር ከቪዲዮው ጋር ካልተስማማ ሙዚቃው ቀስ በቀስ ከምስሉ ይሸሻል።

ባለ 24 ፍሬሙን የ200 ሰከንድ ምሳሌያችንን በ72 ምት ብናሰላው 240 ምት፣ በአራት ምት ሲከፈል ደግሞ 60 ባር ይሆናል። የ0፡40 ነጥብ በ12ኛው ባር መጨረሻ፣ የ1፡50 ነጥብ በ33ኛው ባር መጨረሻ ላይ ይውላል። የ2፡45 ነጥብ ግን ከ49 ባርና ከሁለት ምት በኋላ፣ የባር መሃል ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቴምፖውን መቀየር ይቃጣዋል። አያስፈልግም። ሴቲቱ የምትናገርበት ቦታ በመሆኑ ድራሙ ከዚያ በፊት በ49ኛው ባር መጨረሻ ላይ ወጥቶ፣ የሚቀረው የኦርጋንና የማሚቶ ድምፅ ብቻ ቢሆን፣ ምት የሌለው ድምፅ በባር ልክ መታሰር ስለሌለበት ችግሩ በራሱ ይፈታል። እንዲህ ያለውን ሂሳብ በወረቀት አስልቶ ከጨረሰ ሰው ጋር መጫወት ለሙዚቀኞቹ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሰዓት ሳያይ ሙሉ ልቡን ለድምፁ መስጠት ይችላል።

4. የማይንቀሳቀሰውን መሠረት ይምረጡ

የዚህ ዘውግ ሙዚቃ በተለምዶ የሚቆመው በብዙ ኮርድ ላይ ሳይሆን ረዘም ላለ ጊዜ በማይለወጥ አንድ መሠረታዊ ኖታ ላይ ነው። ፒንክ ፍሎይድ ለጣልያናዊው ዳይሬክተር አንቶኒዮኒ «ዛብሪስኪ ፖይንት» የመጨረሻ የፍንዳታ ትዕይንት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ለወጣው ፊልም፣ አዲስ አድርጎ የቀረጸው የቀድሞ ሥራው ቤዙ አንዱን ኖታ በወፍራሙና በቀጭኑ ኦክታቭ እያፈራረቀ ከመምታት ያለፈ ነገር የለውም። ከላዩ ላይ ያለው ሁሉ ግን ይነሳል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳል። የቤዙ አለመለወጥ ነው የላዩን ለውጥ የሚያጎላው።

እርስዎም ቤዙን ወይም ሲንተሳይዘሩን በአንድ ኖታ ላይ ያኑሩ። ዜማውን የሚጫወተው መሣሪያ ምን ዓይነት የኖታ ስብስብ እንደሚጠቀም የሚወሰነው በትዕይንቱ ስሜት ነው። ከእኛ ቅኝቶች ጋር ያደጉ ሙዚቀኞች እዚህ ላይ ዝግጁ ሀብት አላቸው። የትዝታ ሜጀር አምስት ኖታዎች፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ ስለሌለ ከዶ መሠረት ጋር የትኛውም ቢያዝ አይጋጭም፤ ማሚቶው ኖታዎቹን ቢደራርባቸውም እንኳ ጥራታቸው ይጠበቃል። አንቺሆዬና አምባሰል ግን ከመሠረቱ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የሚል ኖታ ስላላቸው፣ ያ ኖታ ሲያዝ ከመሠረቱ ጋር የሚንቀጠቀጥ ግጭት ይፈጥራል። ለምሳሌያችን ትዕይንት ከ0፡40 እስከ 1፡50 ድረስ ይህን ግጭት፣ ሐይቁ ከታየ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን ንጹሕ ስብስብ መጠቀም ያለ ምንም የቴምፖ ለውጥ የተመልካቹን ውጥረት ያላላዋል።

5. መሣሪያዎቹን ያዘጋጁ

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የመሣሪያዎቹን አጀማመር ማለስለስ ነው። ሮክ በተለመደው መልኩ በጥፊ የሚመታ ሙዚቃ ነው፤ ለፊልም ሲሆን ግን በተለይ በትዕይንቱ መግቢያ ላይ ድምፁ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ቢገባ ይመረጣል።

ጊታሩን በተመለከተ አንዱን ዘዴ በዝርዝር እንየው። የጊታሩን የቮልዩም ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። የቀኝ እጅ ትንሿን ጣት ቁልፉ ላይ ያሳርፉ፤ በአውራ ጣት ወይም በፒክ ክሩን ይምቱ፤ ምቱ በዝምታ ያልፋል። ወዲያው ትንሿን ጣት በማንቀሳቀስ ቁልፉን በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀስ አድርገው ይክፈቱ። የሚሰማው የክር ምት ሳይሆን ከምንም ተነስቶ የሚያብጥ፣ ወደ ቫዮሊን የሚጠጋ ድምፅ ይሆናል። ግራ እጅ ላይ የብርጭቆ ወይም የብረት ስላይድ (ጣት ላይ የሚገባ ቱቦ) ከታሰረ ኖታው ከታች ተንሸራቶ ወደ ቦታው ይደርሳል። ድምፁ መድከም ከመጀመሩ በፊት ቁልፉን መልሰው ይዝጉት፤ ዲሌዩ የመጨረሻውን ክፍል ብቻውን እየደጋገመ ይወስደዋል። በዚያ ማሚቶ ሥር ቀጣዩን ኖታ ያዘጋጁ። ሁለት ወይም ሦስት ኖታ በዚህ መንገድ ሲያዝ ማን መቼ እንደጀመረ የማይለይ አንድ ደመና ይፈጠራል። እጅ ይህን እስኪለምድ ድረስ ያለ ቀረጻ ደጋግሞ መለማመድ ግድ ነው፤ ቁልፉ ቀድሞ ከተከፈተ የክሩ ምት ይሰማና ሁሉም ይበላሻል።

የዲሌዩን ጊዜ ከምቱ ጋር ማስማማት ከፈለጉ 60,000ን ለቴምፖው ያካፍሉ፤ በ72 ምት 833 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ የዚያ ሦስት አራተኛ ደግሞ 625 ነው። እኔ ግን ምት በሌለባቸው ክፍሎች ላይ ሆን ተብሎ ከምቱ ጋር የማይገጥም፣ ለምሳሌ 470 ሚሊሰከንድ የሆነ ጊዜ እመርጣለሁ፤ ማሚቶው ተራ እንዲመስል አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፒንክ ፍሎይድ ለጊታርም ለኦርጋንም ይጠቀምበት የነበረው የጣልያኑ ቢንሰን ኢኮሬክ ድምፁን የሚይዘው በቴፕ ላይ ሳይሆን በሚሽከረከር መግነጢሳዊ ዲስክ ላይ ሲሆን፣ በዙሪያው ያሉት በርካታ ማጫወቻ ራሶች ተደራራቢ ድግግሞሾችን ይሰጡ ነበር። ዛሬ ሁለት ዲሌይ በተለያየ ጊዜ አከታትሎ በማሰር ለዚያ የቀረበ ውጤት ማግኘት ይቻላል። ሁለተኛው ዲሌይ ላይ ከፍተኛውን የድምፅ ክልል ይቀንሱ፤ እየራቀ የሚሄድ ድምፅ እየደበዘዘ መሄድ አለበት።

ኦርጋኑ በዲሌይ ውስጥ ሲያልፍ ብዙ መጫወት አያስፈልገውም። የፒንክ ፍሎይድ ኪቦርድ ተጫዋች ሪቻርድ ራይት ፋርፊሳ ኦርጋኑን ከኢኮሬክ ጋር አገናኝቶ የተጫወተባቸውን ቀረጻዎች ያደመጠ ሰው አራት ኖታ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ይረዳል። ሲንተሳይዘር ካለ አንዱን ድምፅ ይዘው ፊልተሩን በእጅ፣ በጣም ቀስ አድርገው ይክፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1972 ለሽሮደር ሌላ ፊልም፣ ለ«ላ ቫሌ»፣ ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሻቶ ዴሩቪል ስቱዲዮ የተቀረጸው የፒንክ ፍሎይድ «ኦብስኪዩርድ ባይ ክላውድስ» አልበም መክፈቻ የመሣሪያ ሙዚቃ በቪሲኤስ 3 ሲንተሳይዘር ረጅም እንጉርጉሮ ይጀምርና ቀላል የድራም ምት፣ ከዚያም ስላይድ ጊታር ይጨመርበታል። ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ይሁንና በጭጋግ የተሸፈነ አገር ምስል ለመክፈት ከዚህ የተሻለ ቅደም ተከተል ማሰብ ይከብደኛል።

ድራሙን በእንጨት ዱላ ሳይሆን ጫፉ ለስላሳ በሆነ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ ይምቱ። ስኔሩ ላይ ያለውን የሽቦ መረብ ፈትተው ቶም ድራሞቹን ብቻ ቢጠቀሙ ምቱ ከሰልፍ ምት ይልቅ ወደ ከበሮ ይጠጋል። ሲምባሉን ጠርዙ ላይ በሁለት ለስላሳ ዱላ እያፈራረቁ፣ ከማይሰማ ጀምረው እስኪሞላ ድረስ ሳያቋርጡ ይምቱት።

6. በረጅሙ ይቅረጹ

የቀረጻ ፕሮግራሙን በ48,000 ኸርዝና በ24 ቢት ያዘጋጁ፤ የፊልም ድምፅ የሚሠራበት መለኪያ ይህ ነው። የእያንዳንዱ መሣሪያ ከፍተኛ መጠን ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ባለው ክልል ውስጥ እንዲቆይ ያድርጉ፤ በዚህ ሙዚቃ ድምፅ ቀስ ብሎ ስለሚያብጥ መጨረሻው ላይ መድረሻ ቦታ ያስፈልገዋል። ለጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) አንዱን ማይክሮፎን 5 ሴንቲሜትር ያህል አቅርበው፣ ሁለተኛውን 2 ሜትር ያህል አርቀው ይትከሉ። የሩቁ ማይክሮፎን የክፍሉን አየር ይይዛል፤ በሚክስ (ድምፆቹን በማዋሃድ) ጊዜ ከቅርቡ ወደ ሩቁ መሻገር ገጸ ባሕርይዋ ከቤት ወጥታ ሜዳ ላይ እንደመድረሷ ያለ ስሜት ይሰጣል።

ትዕይንቱን በክፍል በክፍል አይቅረጹት። ከምስሉ 20 ሰከንድ ቀድመው ይጀምሩ፤ ምስሉ ካለቀ በኋላም ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቀጥሉ። ሙዚቀኞች ድምፁ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ይፈልጋሉ፣ የማሚቶውም ጅራት እስኪጠፋ ድረስ መቀረጽ አለበት። አንድ ሰው ሠንጠረዡን ይዞ በእጅ ምልክት ብቻ ይምራ። ሦስት ወይም አራት ሙሉ ቅጂ ከተወሰደ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሙዚቀኞቹ የራሳቸውን ቀደምት ሐሳብ መድገም ይጀምራሉ፤ ድንገተኛነቱም ይጠፋል።

7. የተገለበጠና የዘገየ ድምፅ ይጨምሩ

ሲምባሉን አንድ ጊዜ መትተው እስኪጠፋ ድረስ፣ 7 ወይም 8 ሰከንድ ያህል፣ ብቻውን ይቅረጹ። በፕሮግራሙ ውስጥ ይገልብጡት። አሁን ድምፁ ከዝምታ ተነስቶ እየበረታ ሄዶ በድንገት ይቆረጣል። የመቆረጫውን ጫፍ ከምስሉ መቆረጫ ፍሬም ጋር ያግጥሙ። በምሳሌያችን 3፡20 ላይ ይህን ቢያደርጉ ተመልካቹ ምስሉ ሊቆረጥ መሆኑን ሳያውቅ በጆሮው ይዘጋጃል። ይህን ዘዴ በአንድ ሙዚቃ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መጠቀም ኃይሉን ያሳጣዋል።

ፍጥነትን መቀነስ ሌላው ዋና መንገድ ነው። በቴፕ ዘመን በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር የተቀረጸ ድምፅ በ19 ሴንቲሜትር ሲጫወት በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ ርዝመቱም እጥፍ ይሆናል። በኮምፒውተርም ያንኑ ማግኘት የሚቻለው የድምፁ ቁመት (ቅጥነቱና ውፍረቱ) እና ርዝመቱ ተያይዘው እንዲለወጡ የሚያደርገውን ቅንብር ሲመርጡ ነው፤ ቁመቱን ብቻ የሚለውጠው ቅንብር ያንን የከበደ፣ የሚጎተት ባሕርይ አይሰጥም። የፒያኖ ክሮችን በእጅ መዳሰስ፣ የብርጭቆ ጠርዝ፣ የበር መዝጊያ በዚህ መንገድ ሲዘገዩ ምንጫቸው የማይታወቅ ድምፅ ይሆናሉ።

ከትዕይንቱ ቦታ የተቀረጸ ድምፅም እንደ መሣሪያ ይቆጠራል። ከላይ የጠቀስኩት የ1972ቱ አልበም የመጨረሻ ሙዚቃ የሚዘጋው በፊልሙ ውስጥ በሚታዩት የኒው ጊኒ ማኅበረሰብ አባላት ዜማ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለማድረግ የሚያስብ ሰው ድምፁን የሰጡትን ሰዎች አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ድምፁ የት እንደሚውል ማስረዳትና በፊልሙ ላይ ስማቸው እንዲጠቀስ ማድረግ ይኖርበታል። የሰው ዜማ ከነፋስና ከውኃ ድምፅ እኩል በነፃ የሚወሰድ አይደለም።

8. ቆርጠው ያገናኙ

የካን ቤዝ ተጫዋች ሆልገር ቹካይ የቡድኑን ረጃጅም የጋራ ፈጠራ ቴፖች እየቆረጠና እየቀጠለ ወደ ሙሉ ሥራ ይለውጣቸው ነበር። እርስዎም ከሦስቱ ወይም ከአራቱ ቅጂዎች የእያንዳንዱን ክፍል ምርጡን ይውሰዱ። ሁሉም ቅጂ በአንድ ቴምፖና በአንድ መሠረታዊ ኖታ ስለተሠራ መገጣጠሙ አይከብድም። መቁረጫውን በሚያብጠው ድምፅ መሃል ላይ ሳይሆን የድራሙ ምት ሊጀምር ሲል ያድርጉት፤ ምቱ መገጣጠሚያውን ይሸፍነዋል። ከተገናኘ በኋላ ምስሉን ሳያዩ ዓይንዎን ጨፍነው አንድ ጊዜ ያዳምጡ፤ ሙዚቃው ያለ ምስል የሚያነክስ ከሆነ በምስልም ያነክሳል።

9. ለፊልም ብለው ሚክስ ያድርጉ

ለአልበምና ለፊልም የሚደረግ ሚክስ አንድ አይደለም። በፊልም ውስጥ መሃሉ የንግግር ቦታ ነው፤ ጊታሩን ወደ ግራ፣ ኦርጋኑን ወደ ቀኝ ገፋ አድርገው መሃሉን ለቤዝና ለድራም ብቻ ይተዉት። ድምፅን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማንቀሳቀስ የዘውጉ ባሕርይ ቢሆንም እንቅስቃሴው ከ20 እስከ 30 ሰከንድ የሚፈጅ፣ ተመልካቹ ሳያስተውለው የሚከናወን ይሁን። ፈጣን ሽክርክሪት ዓይንን ከምስሉ ላይ ይነቅላል።

በ2፡45 ላይ ያለው ንግግር እንዲሰማ ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለውን ክልል ከጊታሩና ከኦርጋኑ ላይ በ3 ወይም በ4 ዴሲቤል መቀነስ ይቻላል። የተሻለው መፍትሔ ግን በቅንብሩ ላይ ነው፤ ሴቲቱ ከመናገሯ ሁለት ሰከንድ በፊት ጊታሩ ይውጣ፣ የኦርጋኑ ወፍራም ኖታ ብቻ ይቆይ። በመጨረሻም ሁሉን ወደ ሞኖ (ግራና ቀኙ ወደ ተደመሩበት አንድ ድምፅ) ቀይረው ያዳምጡ። በሁለት ጎን የተዘረጉ ማሚቶዎች ሲደመሩ ሊጠፉ ይችላሉና፣ ፊልሙን በስልክ ወይም በአሮጌ ቴሌቪዥን የሚያየው ሰው ባዶ ሜዳ እንዳይሰማው ማረጋገጥ ይገባል።

10. ያስረክቡ

ሙሉውን ሚክስ ብቻ መስጠት አይበቃም። ቤዙንና መሠረቱን፣ ድራሙን፣ ጊታሩን፣ ኪቦርዱንና የተገለበጡትን ድምፆች ለየብቻ በአምስት ፋይል ያውጡ፤ ሁሉም ከአንድ ነጥብ መጀመርና እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል። ከመጀመሪያው ምስል በትክክል 2 ሰከንድ ቀድሞ፣ አንድ ፍሬም ብቻ የሚቆይ የ1,000 ኸርዝ ጩኸት ያስገቡ፤ የድምፅ ኤዲተሩ ፋይሎቹን ከምስሉ ጋር የሚያስተካክለው በዚህ ምልክት ነው። በፋይሉ ስም ላይ የፊልሙን ስም፣ የትዕይንቱን ቁጥር፣ ቴምፖውን፣ የፍሬም ፍጥነቱንና የቅጂውን ቁጥር ይጻፉ።

ከርክክቡ በፊት የሚፈረመው ውል ሙዚቃውን የደረሰውን፣ የተጫወቱትንና ቀረጻውን ያዘጋጀውን ለየብቻ መጥቀስ አለበት፤ በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሦስቱም ወገኖች መብት ይሰጣል። ሙዚቃው ከፊልሙ ውጭ በአልበም እንዲወጣ የሚፈልጉ ከሆነም ያንን በዚሁ ውል ላይ ያስፍሩ።

ዳይሬክተሩ ያልተቀበላቸውን ቅጂዎች በሙሉ ከነሠንጠረዡ በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ላይ ያኑሩ። ሪቻርድ ራይት ለ«ዛብሪስኪ ፖይንት» በፒያኖ ያዘጋጀውን አንድ ሙዚቃ አንቶኒዮኒ ሳይጠቀምበት ቀረ፤ ቡድኑ ያንኑ ዜማ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው አልበሙ ላይ «አስ ኤንድ ዜም» በሚል ርዕስ ዘፈን አድርጎ አወጣው። ስለዚህ ውድቅ በተደረገው ፋይል ስም ላይ መሠረታዊ ኖታውንና የተቀረጸበትን ቀን ይጨምሩ፤ በኋላ የሚፈልገው ሰው ሳይከፍተው ምን እንደያዘ እንዲያውቅ።